ቢጫዋ መስመር

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ላይፕዚግ፣ አንድ ምድር ቤት፣
የሞተ ኮምፒውተር የምናስነሣበት።
ጡረተኛው ዲትማር፣ ትራም ነጂ የነበሩ፣
አዲሱን ሲስተም ጫንኩላቸው፤ ከፍተው ሲሞክሩ
ጥቁሩ መስኮት ላይ አንዲት ቢጫ መስመር ወጣች፦
«ማስጠንቀቂያ፦ የተጠየቀችው የፊደል መልክ ታጣች።»

እጃቸውን ከኪቦርዱ፣ ፍም እንደነካ ሰው፣ አነሡ፤
«ምን ሰበርኩ?» አሉኝ ቀስ ብለው፣ የሰው ዕቃ እንዳፈረሱ።

«ምንም» አልኩ። «ፕሮግራሙ ነው፣ ብቻውን የሚያወራ፤
ኮዱን በነጻ የለገሰው ሰው ለባልንጀራው የተወው አደራ።
ደብዳቤዎ ይኸው ተከፈተ፤ አንድ ፊደል አልጎደለ፤
ይለፉት።» ሁሌ የምለው ነው፤ ስንቱን ሰው ይህ ቃል አባበለ።

ዝም አሉ። መነጽራቸውን ጠረጉ።
«የእኔም ትራም ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ነበረች፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳትጠፋ የኖረች።
መካኒኩ ዮኽን ‹ተዋት› ብሎ ፕላስተር ለጠፈባት፤
ትራሙ ሄደ። እኔ ግን በየማለዳው ገልጬ አያት፣
ከትናንቷ ቢጫ የዛሬዋ እንዳልተለየች ላጣራ።
መብራቷ አይደለችም ልጄ፤ ፕላስተሩ ነው የሚያስፈራ።»

ወንበሬን ሳብኩ። «ይለፉት» ያልኩትን መልሼ ዋጥኩ፤
ቢጫዋን መስመር ከሳቸው ጋር፣ ቃል በቃል፣ ማንበብ ጀመርኩ፤
የቱ ፋይል፣ የቱ ፊደል፣ ለምን፣ የቱ በየቱ ተተካ።
ስድስት ዓመት ሳስተምር አንብቤያት አላውቅም ለካ።

ከውጭ የትራም ደወል ተሰማ፤ እሳቸው ቀና አላሉም።
«ይቺኛዋስ?» አሉ በጣታቸው።
«እሷን» አልኩ፣ «እኔም አላውቅም።»