አዲስ ጨርቅ

«አዲስ ጨርቅ አይጠጣም፣ ሦስቴ ካልታጠበ።»
የምድር ቤቱ ማሽን ሳንቲሜን ሰለበ።

ሃያ አራት ሽንት ጨርቅ፣ የዊኒፔግ ጥር፤
በረንዳ ሰቅዬ ተመልሼ ስቆጥር
ገመዱ ላይ እንደ ጣውላ ተገትረዋል፣
አንዱን ባንኳኳው እንደ በር ይጮኻል።

ፌቨን ከሌሊት ሥራ ገብታ ተኝታለች።
ስለዚህ እኔው ነኝ፦
ሞቆ እስኪለሰልስ ጠብቄ፣ አጣጥፌ፣
ላስቲኩን በጭኑ፣ ቁልፉን በወገቡ አሳልፌ
(ጫፉ ውጭ ከቀረ ያፈሳል፤
ይህን ከሸሚዜ ተምሬያለሁ)
«ጎሽ አባቱ!» ብዬ ራሴን ሳወድስ

ያፌት ድንገት ዝም አለ።
ጣሪያውን አየ፣
ነገር እንደሚመዝን ሽማግሌ።

እጅጌዬ ሞቀ፣ እስከ ክርኔ ድረስ።

ለሦስተኛው ሳንቲም አልቆብኝ ነበር፤
ሁለቴ ነው ያጠብኩት።