ስንዝር ወደ ግራ

ቢሻው ጥቁር ቀስት በሻንጣ ይዞ መጣ፣
ከላይም ከታችም መዘውር ያወጣ፣
ጅማቱ ከካቴና ይልቅ የተቆጣ።
«ሽምብጥ ላይ ቸርኬ የምታቃና አንተ፣
ይኸም ጎማ አለው፤ ከምን ላይ ነው የሳተ?»

ድብልብሉን ጫፍ ሲሰኩበት አያብልም፣
ምስማር ምታ ቢሉት ምስማር አይዘልም፤
ምላጭ ያለውን ጫፍ፣ የአደኑን ሲሰኩ፣
ስንዝር ወደ ግራ ይሄዳል በልኩ፤
አምስት ጊዜ ቢተኩስ አምስቴም ያው ስንዝር፣
ቀኑን እንደማይስት እንደ አራጣ ብድር።

ሳቅ ብዬ «ስንዝር ምን አላት?» አልሁት፣
እሱ ግን አልሳቀም፤ ፊቱን ነው ያየሁት።
«ስንዝር ማለት» አለ «ልብ ቀርቶ ሆድ ነው፣
አውሬው ሦስት ሌሊት ደም ይዞ መንገድ ነው፤
እኔም ሦስት ሌሊት በባትሪ ፍለጋ፣
ጅቡ ቀድሞኝ ደርሶ ሳገኘው ሲነጋ።»

ሳቄን ሳጥን ከትቼ መፍቻ አወጣሁ።

ማለዳ ነው ደጉ፣ ሐይቁ ሳይነሳ፤
ከቀትር ወዲያማ ነፋሱ አበሳ።
ይመር ታንኳ ሠሪው ሰጠን አሮጌ ታንኳ፣
ውሃ የጠገበ፣ ለማገዶ እንኳ
የማይሆን ደንገል፤
ኢላማ አደረግነው፣
አፍንጫው ወደ ሰማይ፣ ሾላ አስደገፍነው።
ከፊቱ፣ ሽቦው የወለቀ ቸርኬ
አቆምሁና ጋዜጣ ወጠርሁበት፤
(የትብለጥ ቸርኬ ነው፣ ለዛሬ ከሰዓት ቃል የገባሁበት።)

ወረቀት አይዋሽም፤ ፍላጻ ሲያልፈው
እንዳነከሰ ሰው ዱካውን ጻፈው፦
ራሱ መሃል ገብቶ፣ ላባው ግራ ቀዶ፣
አንዱ በር ከፍቶ፣ አንዱ አጥር ንዶ።
ገባኝ፤ ምላጭ ማለት የፊት ክንፍ ነበር፣
ከኋላው ላባ ጋር የገባ ክርክር፤
ታንኳ ላይ ሁለት ሰው ጀርባ ተሰጣጥቶ
እንደሚቀዝፍ ያለ፣ አንዱ አንዱን ረስቶ።

ማረፊያውን ገፋሁ ጠጉር ታህል ወደ ቀኝ።
ተኮሰ። አራት ጣት። ሌላ ጠጉር። «ተወኝ፣
ላስተውል» እላለሁ።
መዘውሮቹ ደግሞ
አንዱ ቀድሞ ሲነቃ አንዱ ሲያንጎላጅ፣
እንደ መንታ ልጅ
አብረው እንዲነሡ ጅማቱን ጠመዘዝሁ።
ሦስት ጣት። ሁለት ጣት።
ከዚያ ወዲያ እምቢ።
ሦስት ሻላ ድንጋይ ላይ ዳኛ ይመስላሉ፣
«ሁለት ጣት! ሁለት ጣት!» ያሉ ነው የሚመስሉ።
ብሎኑ አለቀብኝ፤ የምነካው የለም።

ይመር ደንገል ያስራል። ቀና እንኳን አላለም፤
«ቀስቱንስ ተዉትና እጁን እዩለት፣
ሌባ እንደ ያዘ ሰው ነው ያነቀበት።
መቅዘፊያ እንዲህ ቢያዝ ታንኳው ይዞራል፤
የጨበጡት ሳይሆን ያኖሩት ይሠራል።»

ቢሻው እጁን አየ። አንጓው ሁሉ ነጥቷል።
ያ ሦስት ሌሊት ነው፤ እዚያ ተቀምጧል።

ቆየ። ከዚያ ፈታው። መዳፉ ብቻ ቀረ፣
ቀስቱም እሱ ላይ እንደ ወፍ አደረ።

ጧ።

ጋዜጣው ላይ አንድ ነጥብ፣ ከነጥቡ ዙሪያ
ሦስት ቀጫጭን ስንጥቅ፣ እኩል የተራራቁ፤
ሌላ ቀዳዳ የለም።
ደንገሉ ውስጥ ምላጩ ከድብልብሉ ጎን
ላባ ለላባ ተነካክተው ቆመዋል።
ቢሻው አልጨፈረም። ሄዶ ነቀላቸው፣
በሸሚዙ ጫፍ አንድ በአንድ ጠረጋቸው።
ይመር የተቆረጠውን ቋጠሮ ዳሰሰና
«የአባቴ እጅ ነበር» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ከሰዓት ትብለጥ መጣች፣ «ቸርኬዬስ?» እያለች፣
ቸርኬዋ ላይ የተወጠረ ጋዜጣ አየች።
«ይሄ ቀዳዳ ምንድን ነው?»
«ፈተና ነው። አልፏል።»
ሽቦውን አንድ በአንድ መለስሁላት፤
መፍቻውን ግን እንደ ወትሮዬ አላነቅሁትም፣
መዳፌ ላይ አኖርሁት።
ጎማው ዞረ፣ ዞረ፣
የነካሁት ሳይመስለኝ ቀና።