ወለድ

ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ብዕሬ አዲስ ነበር፤
ማውን ድረስ ላኩኝ ከእርሻ ሚኒስቴር፣
ከብት እንድቆጥር፣ ካሳ እንድጽፍ፣
የሳንባው በሽታ አጥሩን ሳያልፍ።
ነገሩ ቀላል ነው፣ ወረቀት ላይ ሲታይ፤
አውሮፓ ሥጋ አይገዛም፣ አንዲት ላም ስትስል ቢያይ።
ስለዚህ የሰሜኑ መንጋ ይጥፋ፣ የደቡቡ ገበያ ይዳን፤
ለላም ይህን ያህል፣ ለጊደር ይህን፣ ለወይፈን ይህን።

በሴሂትዋ፣ ከግራር ሥር፣ ጠረጴዛ ዘረጋሁ።
ካቬቱና መጣ፤ በትሩ ከራሱ በላይ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።
"ስንት ናቸው?" አልሁት።
"ከብት አይቆጠርም፣" አለ፣ "ይጠራል እንጂ።" ጀመረ፤
ጥላው ከጠረጴዛው እስኪሸሽ ድረስ ዘረዘረ፦
ቦራ፣ የዳለቻ ልጅ፣ በድርቁ ዓመት የተወለደች፤
ሐመር፣ በእናቱ ወገን ከአጎቱ የተወረሰች፤
ቡሬ፣ ሰው ካልሞተ በቀር ቢላ የማይነካው፤
ጎዶሎ፣ አንድ ቀንዱ ተሰብሮ መንጋ የሚመራው።
"አያቴ ከጀርመን ጥይት ሸሽቶ በረሃውን ሲሻገር
ጥጃ እንኳ አልነበረውም። የሰው ከብት ሲያግድ ኖሮ
አንዲት ጊደር ተሰጠው። እነዚህ ሁሉ የእሷ ናቸው፤
ጻፍ።"

ምኑን ልጻፍ? ፎርሙ ላይ ለቀለም ቦታ የለም።
"ላም፣ ስልሳ አንድ" አልሁ። አውራ ጣቱን ነከረ በቀለም።

ጉድጓዱን የመንገድ ሥራ ዶዘር ቆፈረ።
ሦስት ቀን ተተኮሰ።
ስለ ሦስቱ ቀን የምለው የለኝም።
በአራተኛው ጠዋት ግን የሄሬሮ ሴቶች
ውሃ ሊቀዱ ወጡ፣ በሰልፍ፣ ሳይነጋገሩ፤
ሻሻቸው እንደ ቀንድ ነው የሚታሰረው፣ ግራና ቀኝ ሾሎ፣
ከድሮ ጀምሮ፣ ለከብት ክብር ብለው።
በዚያ መንደር የቀረ ቀንድ እሱ ብቻ ነበር።

ካሳው ተከፈለ። ሐሰት አልናገርም፣ ሳንቲም አልጎደለም፤
ዱቄትም ታደለ፣ ዘይትም፤ በረሃብ የሞተ የለም።
በየወሩ መጨረሻ ማውን ይመጣል፣ በጭነት መኪና ላይ፤
ማንበብ አይችልምና የባንክ ደብተሩን እኔ ነኝ የማይ።
"ልጄ ቦይካኞ፣ ገንዘቤ እንዴት ከረመ?"
"ወልዷል፣ አባቴ።"
"ስንት ወለደ?"
"አርባ ሁለት ፑላ።"
"መልኩስ? ቦራ ነው? ወይስ እናቱን መሰለ?"

ፑላ በቋንቋችን ዝናብ ነው፤ የገንዘባችንም ስም።
"ዝናብ ኪሴ ገባ፣" ይላል፣ "ሣሩን ግን አላየሁም።"
አንድ ቀን ከኮቱ ውስጥ የቆርቆሮ ኩባያ አወጣ፤
"ወለደ ካልኸኝማ፣ የወለደ ይታለባል፤
ቅዳልኝ።"
ሰልፈኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዛሬም ድረስ ጥርሴን ያመኛል።

በሽታው ጠፋ። ይህም እውነት ነው።
የደቡቡ ቄራ አልተዘጋም፤ ሥጋው ባሕር ተሻገረ፤
በዚያው ገቢ መንገድ ተሠራ፣ የእኔም ልጅ ተማረ።
ውሳኔው ትክክል ነበር፤ የማልወድለትም ይህንኑ ነው፤
ቢሳሳቱ ኖሮ የምረግመው ሰው ባገኘሁ።

በኋላ መንግሥት ምትክ ከብት በመኪና ጭኖ አመጣ፤
ጤነኛ፣ የተከተበ፣ ማኅተም ያለው።
ካቬቱና አሥራ ሁለት ደረሰው።
በበረቱ በር ቆሞ በጥንቶቹ ስም ጠራቸው፤
አንዷም ዞራ አላየችው።
"እንግዶች ናቸው፣" አለኝ፣ "ይልመዱ።"
ሳይለምዱት ሞተ።

ዛሬ ሎባትሴ ነኝ፣ ኤክስፖርት ክፍል፤ ፀጉሬ ሸብቷል።
በእያንዳንዱ ከብት ጆሮ ላይ ቁጥር አለ፤ ኮምፒውተሩ ያነብልኛል፦
የተወለደችበትን ቀን፣ የተከተበችበትን፣ ያለፈችበትን በር።
መልኳን አይጠይቅም።
የካቬቱናን ደብተር ማን እንደ ወረሰው አላውቅም፤
ልጁ ኡአሪፓ ዊንድሁክ ሄደች ይላሉ።
ባንኩ ግን ቃሉን አያጥፍም፤
በየወሩ መጨረሻ፣ የሚያልበው ሳይኖር፣
ይወልዳል።