ከፋሲካ በኋላ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልት ከሚያልቅበት፣
ሸራ ለብሶ ቆሟል፣ ዶሮ እያደረበት፤
ሰይቼንቶ ነው።
ጎኑ ግማሽ ስቱኮ፣ ግማሹ ዝገት፣
አንድ ዓይኑ መብራት፣ አንድ ዓይኑ ክፍተት።

«ሞተሩስ?» ብላቸው፣ እትዬ ውድነሽ
«አልጋ ሥር ነው» አሉ።
«ዝናብ እንዳይነካው ብሎ ደስበለው፣
አሥራ አንድ ክረምት ነው ከላዩ የተኛነው።»

ብሎኑ በየጣሳው፣ ስሙ በከሰል ሰፍሮ፦
«የግራ በር»። «ፍሬን»። «ከየት እንደሆነ እንጃ»።
ካርቦራቶሩ በጋዜጣ፣ በሲባጎ ታስሮ፣
«ከፋሲካ በኋላ» ይላል።

የትኛው ፋሲካ? እሳቸውም አያውቁ።
ብሬን ሁለቴ ቆጥረው፣ ቁልፉን ግን ሳይለቁ፣
«ሲነሳ በዚህ እለፍ» አሉኝ፣
«ክላክሱን አንዴ፣ አንዴ ብቻ።»

አይሱዙው ላይ ስንጭን ሽብሩ መካኒኩ ሳቀ፦
«መኪና መሰለህ እንዴ?
የሰው ቀጠሮ ነው የገዛኸው!»

ያ በጥር ነበር።
ፋሲካም መጣ፣ ሄደ። ሰኔ ገባ፣ ግቢው ጨቀየ፤
ሸራው የሳቸው ነው፣ ዶሮዋ የኔ።
ትናንት ማታ የፍሬኑን ጣሳ ከፍቼ፣
አንድ ብሎን በናፍጣ አጥቤ፣ ሌላውን ትቼ፣
ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ።
ከሱ ከሰል ሥር፣ በራሴ እስክሪብቶ፣
«ከመስቀል በኋላ»
ብዬ ጻፍኩ።