ዘጠና ዘጠኝ

ማክሰኞ ነው፤ ካፊያ። ብራክንሾ ገና አልነቃም፣
የትራፊክ መብራቱ ግን ሥራ መፍታት አያውቅም፤
መንገድ ላይ ለሌለ ሰው አረንጓዴ ይፈቅዳል፣
ላልመጣ መኪና ደግሞ ቀይ ለብሶ ይቆጣል።
እኔ ቫኔን አስነስቼ፣ መቶ አርባ እሽግ ጭኜ፣
በር ለበር እዞራለሁ የመጋዘን እግር ሆኜ።

ይኸውላችሁ ዋናው መንገድ፦
የሆልዝዎርዝ ሥጋ ቤት ነበር፣ አሁን ጥፍር ይቀቡበታል፤
ባንኩ መጠጥ ቤት ሆነና፣ መጠጥ ቤቱም ተዘግቷል።
የጫማ መሸጫው መስታወት በጋዜጣ ተሸፍኖ፣
ዜናው እንኳ አርጅቶበት ይታያል ቢጫ ሆኖ።
የቀሩት የሟች ልብስ የሚሸጡ የበጎ አድራጎት ሱቆች ናቸው፤
ዶሪን ባለፈው ኅዳር የባሏን ካፖርት ሰጠቻቸው፣
በሳምንቱ አሻንጉሊት ለብሶት ስታየው መስኮቱ ላይ፣
ገብታ መልሳ ገዛችው፣ በአራት ፓውንድ፣ ሳትከራከር ዋጋው ላይ።

በአሥራ አምስት ዓመቴ እኔ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣
ኦልድሮይድ ብረታ ብረት እሠራ ነበር ቆሜ።
ሁለት መቶ ሠላሳ መሳቢያ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣
በያንዳንዱ ግንባር ላይ አንድ ናሙና ለማሳያ።
ሰው ይመጣል፣ ከኪሱ የዛገ ነገር ያወጣል፣
«የዚህ ወንድም ይኖርሃል?» ይላል።
ሽማግሌው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
ዓይኑን ሳይሆን ጣቱን ልኮ ያወጣዋል ፈልፍሎ።
«ስንት?»
«አንድ።»
«አንድ፣» ብሎ በቡናማ ወረቀት ይጠቀልላል፤
ለአንዲት ብሎን! ጫፉን አጥፎ፣ እንደ ስጦታ ያስረክባል።
የሦስት ፔኒ ነገር ነው። ወሬው ግን ግማሽ ሰዓት፤
የማን በር እንደሚንቋቋ፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የማን ትዳር እንደላላ
ያውቅ ነበር ከብሎኗ ዓይነት።

ሱቁ የተዘጋ ዕለት ማንም አላለቀሰም።
እኔም።
እንዲያውም በዚያው ሳምንት መሰርሰሪያ በስልኬ አዝዤ ነበር፣
ከእሱ በስድስት ፓውንድ ይረክሳል ብዬ።
ሆድ ይፍጀው።

ዛሬ ሰባ ሦስተኛው እሽግ ላይ ስሙን አነበብሁ፦
ክሊፎርድ ኦልድሮይድ፣ ቻፕል ሌን፣ ቁጥር ዘጠኝ። አንኳኳሁ።
ቆይቶ ከፈተ፤ ከዘራ፣ ሹራብ፣ ያው መነጽር ግንባሩ ላይ፣
አላወቀኝም መሰለኝ፤ ሳጥኗን ብቻ ነው የሚያይ።
እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሞ ማሸጊያውን በጥፍሩ ቀደደ፣
ሳጥን ውስጥ ሳጥን፣ አየር የተነፋ ላስቲክ፣ ከዚያ ከረጢት ወረደ።
«ስንት ነው ይሄ?»
ጽሑፉን አየሁለት። «መቶ።»
«የጎደለኝ አንድ ነው። የጓዳው በር ማጠፊያ።
በአንድ አንሸጥም አሉ።»
መዳፉ ላይ አፈሰሳቸው፣ በአውራ ጣቱ ገለባበጠ፣
ከመቶ አንድ ዓይነት ብሎን፣ አንዷን ብቻ መረጠ፤
ወደ ሰማይ አንስቶ አያት፣ ዝናቡን ከቁብ ሳይቆጥር።
«ጥርሷ ጥልቀት የለውም፤ ይሁን፣ ትይዛለች።»
የቀሩትን ከረጢቱ ውስጥ አንድም ሳይጥል መለሰ፣
አፉን እንደ ድሮው አጥፎ፣ ወደ እጄ አደረሰ።
«ያዘው፣ ክሬግ፣» አለኝ።
«ቅዳሜ ሰው ይጠይቅህ ይሆናል።»

መልስ አልነበረኝም። ስልኬ «ዘገየህ፣ ዘገየህ» ይላል፤
ስልሳ ሰባት እሽግ ይቀራል።
ዋናው መንገድ ስደርስ ቀይ መብራት ያዘኝ፤
ማንም የለም በግራ፣ ማንም የለም በቀኝ።
ቆምኩ እንጂ።
ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ፣ በበሩ ኪስ ውስጥ
ይንሿሻል፣ ዘጠና ዘጠኝ።