አፍሬድ

ሐዋሳ፣ የማታ ክፍል፣ ከፒያሳ ጀርባ፣
የሐይቁ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣
መምህር ዳንሳ ጻፈ፣ «አፍሬድ» በጠመኔ፤
«ፈራሁ ማለት» አለ። ገለበጥሁ እኔ።

ትርፌ ከኋላ ተነሣች፣ የሸሚዝ ፋብሪካ
ባጇን እንዳጠለቀች፣ ጣቷ ክር የነካ፦
«አፈርሁ አይደል እንዴ?»
ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እሷ አልሳቀችም፤ አንዴ
ሰሌዳውን፣ አንዴ መምህሩን እያየች፣
ቆየት ብላ እንዲህ አለች፦

«እናቴ ታማብኝ፣
አለቃዬን ፈቃድ ሦስት ቀን ብለምነው፣
‹አይ አም አፍሬድ› አለ። መስሎኝ ያፈረ ነው፤
አዘንሁለት። ‹አይዞህ፣ ምን ያሳፍርሃል› አልሁት። ሄደ።
እግሬም መርገጫው ላይ እንደ ልማዱ ወረደ።»

መምህር ዳንሳ ጠመኔውን በጣቱ አደቀቀ፤
«ያኛውስ ፍርሃት አይደለም፤ ‹እምቢ› ነው፣ ጓንት ያጠለቀ።»

መብራት ጠፍቶ፣ ባጃጅ ስንጠብቅ ቆመን፣
ደብተሯን አየሁት በስልኬ ብርሃን፦
«አፍሬድ፦ አልፈራም። አላፈረም።
የፈራሁት እኔ ነኝ።»
ከሥሩ ሌላ ቃል ነበር፤
ሰርዛዋለች፣ አይነበብም።