ያልታጠበ ሎህ

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጎኒ» ብለህ ገባህ ማታ፤
መለስኩልህ፣ ልጄ፤ ግዴታ ነው ሰላምታ።
ዱዓ ግን የለኝም ለያዝከው ጠመንጃ፤
ቢስሚላህ አልልም ለሰው ልጅ ማረጃ።

ከደጅ ጓደኞችህ ሞተር አስነስተው
ይጠብቁሃል። ነገ ገበያ ነው።
ያጋና ሽንኩርቷን ከጆንያ ትዘረግፋለች፤
የሞዱ ልጅ፣ ያቺ ፍንጭቷ፣
የቻድን ሐይቅ ዓሣ አድርቃ ትቸረችራለች።
«የዲን ጠላት» ያልካቸው እነዚህን ነው ወይ?
ስሙን ፈንጂ ላይ ስትጽፍ ባለቤቱ አያይም ወይ?

አስታውስ፣ ካቻላ፣ ገና ስድስት ሳትሞላ፣
ሆድህን ቢቆርጥህ እናትህ ፋልማታ
የሎህህን እጣቢ አጠጣችህ በእርጋታ፤
ቃሉን ጠጥተህ ነው ቁርጠትህ የታገሰ፤
አሁን የቱ አንጀትህ ነው ያን ውሃ ያፈሰሰ?

ኋላም አንድ ረፋድ፣ ስለ አንዲት ነፍስ ክብር
የወረደውን አንቀጽ ስትጽፍ ነበር፤
«ነፍስ» ላይ ስትደርስ ወጀብ ተነሣ ከሐይቁ፤
«ፍየሎቹን ላስገባ» ብለህ ወጣህ።
በዚያው ቀረህ።
ከዚያ ወዲህ ቀሪውን ማን እንዳስጻፈህ እንጃ፤

ይኸው ሎህህ። አላጠብኩትም፤ ሰባት ክረምት አለፈው።
መቃው ያውልህ፤ ቀለም አለ፤ ተቀመጥና ጨርሰው።

ሳቅህ።
ቃታ ላይ የማይርድ ጣትህ ግን መቃው ላይ ራደ፤
ጡሩምባ ጠራህ፤ ሎሁን በብብትህ ይዘህ፣ እግርህ ነጎደ።

ለሱብሂ ስወጣ ሞተር የለም፤ ሽንኩርት የጫነ አህያ ብቻ ያልፋል፤
ሎሁ ደጃፌ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤
ከ«ነፍስ» ቀጥሎ አንድ ቃል ተጨምሯል።
ቀለሙ አልደረቀም።
አንቀጹም አላለቀም።